አዋሳኝ

ከደጀን ቁልቁለት፣ ከተሰነጠቀው መንገድ ዳር፣
ሠላሳ መሣሪያ ቀበርን፣ ከማሽላው ሥር፤
የሻይ ብርጭቆ ነው የያንዳንዱ ቁመት፤
ባትሪው እንዲበቃው ለሦስት ሙሉ ክረምት፣
ሳተላይት አይጠይቅ፣ ወደ ላይ አያንጋጥጥም፤
ቢያንጋጥጥም ገደሉ ሰማይ አይሰጠውም።

ሦስቱን ብቻ ለካን፣ በገመድ፣ በእግራችን፦
አንዱን ከድልድዩ፣ አንዱን ከዋርካው ጎን፣
አንዱን ካለቱ ላይ፣ ላብ እስኪያጠምቀን።
የቀሩት ሃያ ሰባት የት እንዳሉ አያውቁም፤
ይጠያየቃሉ እንጂ ሌሊት አይተኙም፦
«ድምፄ ደረሰህ ወይ? ደመቀ ወይስ ሳሳ?»
ከደመቀ ቅርብ ነው፣ ሩቅ ነው ከከሳ።
ዝናብ ግን ይዋሻል፤ ማሽላም ይዋሻል፤
ቅጠሉ ሲረጥብ ድምፅ ውጦ ያስቀራል፣
ባለህበት ቆመህ የራቅህ ያስመስላል።
ስሕተቱን ስለቅም ነው ሌሊቱን የማነጋው፤
ይህን ብነግረው ጊዜ አቶ ይዘንጋው
ሳቀ።
«ይኼ ምኑ አዲስ ነው?» አለኝ፣
ሣጥኑን ከፈተና አረንጓዴ ደብተር አሳየኝ።
«የመሬቴ ማስረጃ። አንብቢው፦
በምሥራቅ አንጓች፣ በምዕራብ መንገድ፣
በሰሜን ቢተው ጓሉ፣ በደቡብ ገደል ሲወረድ።
ኮከብ አልቆጠሩም፣ ሰማይ አልተጠራ፤
አዋሳኝ ነው እንጂ የሚያውቅ የኔን ሥፍራ።»

ከአንጓች ጋር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙግት ነው፣
ስለ አንድ ድንበር ድንጋይ፣
ስንዝር ገፋህ፣ ስንዝር ገፋሽ፣ ቀበሌው የሰለቸው።

ነሐሴ ዐሥራ አራት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ዐሥራ ሰባት ቁጥር «እዚሁ ነኝ» አለኝ።
አልዋሸም፤ ከነአፈሩ፣ ከነሥሩ ነው የሄደ፤
ከራሱ ጋር ያለ ከማን ተሰደደ?
ዐሥራ ስድስት ግን፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት፣
ባንድ ቃል መሰከሩ፦ «ራቀን። አራት ሜትር። አምስት።»
ማሽላው ነው አልኩኝ፤ ዝናቡን ጠረጠርኩ፤
የሦስቱ ቃል ሲገጥም ለይዘንጋው ደወልኩ።

ስልኩን ያነሣችው አንጓች ናት።
«ተነሥተዋል፤ ልጆቹ እኔ ቤት ናቸው፤
ላሚቱን ሊፈታ ነው እሱ የቀረው።
ድንጋዩ ቁልቁል ሲሄድ በባትሪ አየሁት፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኮ ነው የጠበቅሁት!»

ጧት፣ መንገዱ የለም፤ አይሱዙዎች ቆመዋል፤
ማሽላው፣ እንደ ቆመ፣ ሃምሳ እርምጃ ወርዷል።
ዐሥራ ሰባት ቁጥር ከጭቃው ውስጥ ሆኖ
«እዚሁ ነኝ» ይላል፣ እስካሁንም አምኖ።