አራተኛዋ ጉርድ

ፒያሳ፣ ልሳኑ ፎቶ ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣
መቀስ ይዤ ነው ያደግሁት፣ የሰው ፊት ስቆጥር።
ጉርድ አራት ሆኖ ይታጠባል፤ ሁለቷ ለቴሴራ፣
አንዷ ለፌዴሬሽኑ መዝገብ፣ ከስም ዝርዝር ጋራ፤
አራተኛዋ ትርፍ ናት። ጠያቂ የላትም።
ልጁ ረስቷት ይሄዳል፤
እኔ አልረሳትም።

መስከረም ላይ ይመጣሉ፣ የተስፋ ቡድን ልጆች፣
ከጢጣ፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ከሸዋ በር ጓሮዎች፣
የሆጤን ጭቃ ካንገታቸው በምራቅ ጠርገው።
ጋሼ ልሳኑ ከምስማር ኮት ያወርዳል። አንድ ኮት ነው፣
ለበረኛው የሚያጥር፣ ለክንፉ ልጅ የሚሰፋው።
"ቀና በል! አትሳቅ!" ብልጭ ይላል።
ቆርጬ ሳየው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድላል፤
እኔ የምሰበስበው እግር፣
ፎቶው ደረት ላይ ያልቃል።

የክፍሌ ልጆች ከማስቲካ የሚወጣ ኮከብ ያጠራቅማሉ፣
ስሙ የገነነ፣ ዋንጫ የሳመ፤ "አለኝ! አለኝ!" ይባባላሉ።
የበሰለማ ለማን ይጠፋል? እኔ እሸቱን ወደድሁ፤
ገና ጢም ያላወጣውን
በብስኩት ቆርቆሮ ሰበሰብሁ።
ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቢክ ስም፣ ቀበሌ፣ የሚመታበት እግር፤
ከታች ፍርዴ፣ አንድ ቃል ብቻ። "ይደርሳል።" ወይም "ይቅር።"

ስንቱን ተሳሳትሁ! "ብሔራዊ ቡድን" ያልሁት አጥቂ
ዛሬ የኮምቦልቻ ሚኒባስ በር ላይ ነው፣ ሂሳብ ጠያቂ።
"ይቅር" ያልሁት ቀጭን በረኛ አዲስ አበባ ገብቶ
በቴሌቪዥን አየሁት፣ ፔናሊቲ አውጥቶ።

ይማም ሙሄን ያየሁት ቅዳሜ ነው፣ ከጦሳ ጉም ሲወርድ።
ከሰውነቱ የሚታየኝ ነጭ ካልሲው ብቻ፣ ግራውን መስመር ሲነጉድ።
ጉሙ ይውጠዋል።
እንጠብቃለን።
ከኳሱ ጋር ይመለሳል።

አስናቀ የኮምቦልቻ ነው፣ የጨርቃጨርቁ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
እሱም እንደኔው ሰብሳቢ፣ በድርድር ዓይኑ የነቃ።
ቦርከና ድልድይ ላይ ቆመን ፊት በፊት እንለውጣለን።
አንድ ቀን ይማምን፣ ግራ ተመላላሹን፣
በሁለት አማካይ ሰጠሁት፣
ጀርባው ላይ የጻፍሁት ቃል ቀለሙ ሳይደርቅ።
ልውውጥ ነው። ረሳሁት።

ጋሼ ልሳኑ አርፏል። ኔጋቲቩ በኪሎ ተሸጧል።
እኔ እዚያው ደረጃ ሥር ቀፎ እጠግናለሁ። ሰኞ ለት፣
ገበያው ሲበተን፣ እትዬ መዲና መጡ፣ የይማም እናት።
"ልጄ በጋላፊ ወጣ። ከኦቦክ ወዲያ ድምፁ የለም።
የሚፈልግልኝ ሰው ተገኝቶ 'መልኩን ላኪ' አለኝ፤
ቤት ያለው የአራት ዓመቱ ነው። በሱ ማን ያውቀዋል? ማንም።"

ሐረጎን ወረድሁ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ።
ረዳቱ ያ አጥቂ ነበር። "መልስ የለኝም" አለ፤ ዝም አልሁት።
ፊቱ ቆርቆሮዬ ውስጥ እንዳለ
እንዴት ብዬ ልንገረው?

አስናቀ ከፈረቃ ወጣ፣ ቅንድቡ ጥጥ ለብሶ።
ሁሉን ነገርሁት። ሰማኝ፣ እስከ መጨረሻው፣ ታግሶ።
ከዚያ "በረኛውን ስጠኝ" አለ።
ሰጠሁት። አልተቀየምሁም፤
ሰብሳቢ ነው። እኔም ብሆን
በነፃ አልለቅም።

ማታ በቀፎዬ አንስቼ ለሰውየው ላክሁት።
እትዬ መዲና ጉርዷን በሁለት ጣት ያዟት።
"ይኸ ኮት የማን ነው? ልጄ ኮት አልነበረውም።"
ገለበጧት።
"ምን ይላል? እኔ ፊደል አልቆጠርሁም።"

"ይማም ሙሄ። ቀበሌ ሰባት። ግራ እግር። ተመላላሽ።"
"ተመላላሽ?"
"ሄዶ የሚመለስ።"
"ከታችስ?" አሉኝ፣ በጣታቸው እየነኩ።
ደብዝዟል፤ ግን የእኔው ነው፣ ያኔ በልጅነት እጄ የጻፍኩት፤
"ይደርሳል።"

ጉርዷን ጉያቸው ሳይከቱ፣ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣
"እስቲ ድገመው" አሉኝ።