የአርብ ስም ጥሪ

አርብ ነው፣ ፈርዋኒያ፤ ሰላቱ አብቅቷል፣
በደርበው ልብስ ስፌት ወንበር ተደርድሯል።
ሃያ ስድስት ወንበር፣ ከምግብ ቤት የተዋስነው፣
አንዱ እግሩ ሰባራ፣ በካርቶን የደገፍነው።
ውጭው እሳት ነው፤ ውስጥ ኤሲው ያለቅሳል፣
ጠብ፣ ጠብ እያለ ባልዲውን ይሞላል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡ ጭኔ ላይ፣
የዘጠኝ ዓመታት የዕድራችን ጉዳይ፦
ማን ሦስት ዲናር ጣለ፣ ማን ሁለት አጎደለ፣
ማን «ደመወዝ የለም፣ ይለፈኝ» እንዳለ፣
የማን አስከሬን ሳጥን ስንት ኪሎ እንደሆነ፣
በየትኛው በረራ፣ መቼ እንደተጫነ።
ዛሬ ግን መዝገቡን ገልብጬ ያዝኩት፣
ከኋላው ጀምሬ ምስጋና ጻፍኩበት።

ሰሌዳውን የቀረጸው፣ የኬረላው ኩንጁ፣
ፊደላችን ባይገባው፣ ትጉህ ነበር እጁ።
«ና» ላይ ባርኔጣ ደፍቶ «ምስጋኛ» አለብን፣
አፍሮ ግማሽ ሂሳብ መልሶ ሰጠን፤
ሳቅን። ተቀበልን፣
ምስጋኛም ይሁን፣ ዝም ከመባል ብለን።

በመጀመሪያ ሽኩር። የውሃ ቦቴ ይነዳል፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብትደውል ያነሳል።
ከፖሊስ ጣቢያ በር፣ ከሆስፒታል ደጃፍ
ያደረው ሌሊቱ፣ ቢቆጠር፣ ቢጻፍ...
«ወንድሟ ነኝ» ብሎ ለስንቷ የማለ፣
ነዳጁን፣ ቅጣቱን ከኪሱ የከፈለ።
«የስንቷ ወንድም ነህ?» ቢለው መቶ አለቃው፣
«የእናቴ ሆድ ሰፊ ነው» ብሎ ነው ያሳቀው።
ተጨበጨበለት። ላበው። ጠፋበት ቃል፣
ሰሌዳውን ይዞ በእጁ ይመዝናል፣
ሊገዛ እንደመጣ።

ለሁለት ማኅበር አንድ ሰሌዳ ወጣ፤
ለማርያም ጽዋ ሴቶች፣ ለሰላም ጀመዓ።
ያኔ በሰኔ ወር፣ ያቺ ልጅ ስትሞት፣
ደላላ ያወጣላት ስም የራሷን ሲያስረሳት፣
ፓስፖርቷ «ፋጡማ»፤ አንገቷ ላይ ግን
የማተብ ፈለግ፣ ነጣ ያለ፣ ፀሐይ ያልነካው፣ ቀጭን።
«የኛ ናት» አሉ እነዚያ። «የኛ ናት» አሉ እነዚህ።
ክርክር ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም እንዲህ፦
ሁለት ወገን ቆሞ አንዲትን ሙት ሊወስድ፣
ሊከፍል፣ ሊያለቅስላት፣ ሊሆናት ዘመድ።
ግማሽ ግማሽ አዋጡ። ሳጥኑ ግን አንድ።
እናቷ የት እንዳለች ያፈላለገችው ኪሚያ ናት፤
ሰባት ወረዳ ደውላ፣ በስምንተኛው አገኘቻት።

«ወርቂቱ፣ ገንዘብ ያዥ!» ብዬ ስጣራ፣
ወንበሯ ባዶ ነው፤ ያው ያ እግረ ሰባራ።
ስድስት ዓመት ይዛ አንድ ሳንቲም አላጎደለች፣
በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት አርብ ብቻ መጣች።
ዛሬም እመቤቷ «እንግዳ አለብኝ» ብላ
በሩን ቆልፋዋለች፣ ቁልፉን አንጠልጥላ።
ስልኬን ከፍ አደረግሁ፤ ወርቂቱ በሻሿ ሥር
ማዳመጫ ሰክታ ትሰማን ነበር።
ስሟን ጠራሁ። ውሃ። የድስት ክዳን። ሳህን።
ደግሜ ጠራሁ። ዝም አልን ሁላችን።
ከዚያ ሦስት ጊዜ፣ ማንኪያ ትሪ መታ፣
ቀስ ብሎ፣
እንደ አቤት። እንደ እልልታ።
ወዲያው ከማዶ ሴት «ወርዳ!» ስትል ሰማን፣
ቤቱ ያወጣላትን ስም። መስመሩም ተዘጋብን።

የሷን ሰሌዳ ነገ ያደርሳል የሱቁ ልጅ፣
ከድንብላል ቅጠል ሥር ሸሽጎ፣ በወጥ ቤቱ ደጅ።
የምትሰቅልበት የላትም ግድግዳ፤
ትራሷ ሥር ትተኛለች ምስጋኛ፣ እንደ እንግዳ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ወጪ፣ ሰሌዳ፣ ሦስት።
የኩንጁን ቅናሽ ገቢ አደረግሁት።
የዘለልኩት ስም አለ፤ ነገ ይደውሉልኛል፤
አሁን ግን ምግብ ቤቱ ወንበሩን ይፈልጋል።
ያ እግረ ሰባራው ለብቻው ሰው ያሻዋል።
በሉ፣
ማን ያግዘኛል?