ግራኟ

ቫልፓራይሶ ቁልቁል መርከቡ ሲያናፋ፣
መቶ አርባ ደረጃ ትንፋሿ እስኪጠፋ
ወጥታ መጣች ራየን፣ ጊታሬን ልትገዛ፣
ፔሶዋን በፖስታ፣ በብብቷ ይዛ።

ነውሩን አልደበቅኩም፦ "ይቺን ስንጥቅ እያት፣
ምድር ስትናወጥ፣ በዚያ ክፉ ሌሊት
ወድቆ ነው፤ በሙጫ እኔው የደፈንኳት።
ሦስተኛዋ መቃኛ አመሏ ነው መላላት።
በጋ ሲከር ታዲያ ከመስኮት አታስጠጊው፣
እንጨት ነው፣ ይጠማል፤ እርጥበት አትንፈጊው።"

"እስቲ ሞክሪው" አልኳት፤ ይህን አልኳት ብቻ፣
ገልብጣ ታቀፈችው፤ ግራኝ ኖራለቻ!
ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ።
ልጄን ዘቅዝቀው ሲያንጠለጥሉት ባይ
እንዲህ አልደነግጥ።

ፖስታዋን ልመልስ ከወንበሬ ስነሣ
አንድ ድምፅ ወጣ ከሆዱ፤
ባዕድ፣ ጎርናና፣ ገና ከእንቅልፉ የተነሣ።

ስድሳ ዓመት አንገቱን በግራ እጄ አንቄ
ለካ አንድ ጎኑን ነው የኖርኩት አውቄ።

ተቀመጥኩ።
"ያንኑ ድገሚው" አልኳት። ገንዘቡን አልቆጠርኩም።
ስንት ጊዜ እንደደገመችው እሱንም አልቆጠርኩም።

ደረጃው ይጨልማል፤ ባትሪዬን ሰጠኋት፤
"ይኼን ግን መልሺው" አልኩና ሸኘኋት።