ምላስ በአደራ

አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ፤
ግድግዳው ላይ በቀይ የከበብኩት ቀን በስሜ ጠራኝ።
ሌሊቱን በመርከብ፣ ንጋት በአውቶቡስ፣
ማታ ሳይጨልም ሃሊፋክስ ልደርስ።
እዚያ ስለ ምግብ የሚጽፉ ሰዎች አዳራሹን ሞልተው፣
ስለ እርሾ ሊከራከሩ፣ በቅቤ ሊማማሉ፣ ሊታረቁ በልተው፤
እኔም በመካከል፣ ስሜ በደረቴ፣
«ሎሬታ፣ ከኮርነር ብሩክ» ብቻ፤
ሙያዬን ያስቀረሁት በገዛ እጄ፣ በገዛ ፍርሃቴ።

ሥራዬ ምንድን ነው? «ተው» ማለት ነው ለሰው።
ሙዙን ተው፤ ቲማቲሙን ተው፤ አይቡን አትቅመሰው።
ድንቹን ሁለቴ ቀቅለህ ውሃውን ሁለቴ ድፋው፤
ጥም ሲይዝህ የበረዶ ቁራጭ አፍህ ውስጥ አሟሟው፤
ጨውን ግን... ጨውን እርሳው።
«ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ» ቢባል በየትም አገር፣
በእኔ ክፍል ጨው ድንጋይ ነው፤ ጣፍጦም የሚወረወር።

ማታ ግን ቤቴ ስገባ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣
ከመሳቢያ ደብተር አውጥቼ በእርሳስ የምጽፈው ሐቅ፦
አክስቴ ፊሎሚና ዓርብ ዓርብ የምትሠራው የጨው ዓሣ፣
ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ጠዋት እንደ ሰው ሲነሣ፤
በላዩ የአሳማው ስብ፣ የተከተፈው እንደ ጠጠር፣
መጥበሻው ላይ ሲንጣጣ፣ ለጎረቤት ሲናገር።
በሚሊግራም አልጻፍኩትም፤ ሚዛኔ ቢሮ ነው ያደረ፤
የጻፍኩት ጣቴን ስልስ
እንዴት እንደነበረ።

ማክሰኞ ዕለት አምብሮዝ፣ አርባ ዓመት ዓሣ ያጠመደው፣
ደሙ በቱቦ ወጥቶ ተጣርቶ ሲመለስ እያየው፣
«ሰማሁ» አለኝ። «ነርሷ ነገረችኝ። ልትበዪ ነው አሉ።»
ፊቴ ፍም መሰለ፤ ከነ ዕቃው እንደተያዘ ሌባ ሁሉ።
«ስብሰባ ነው» አልኩት። «ንግግር አለ፤ ጽሑፍ ይቀርባል።»
«እሱን ተይውና» አለ እየሳቀ፣ «ምሳው ምን ይመስላል?»

ምሳው! ዝርዝሩን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ።
ግን ጦሙን ለሚያድር ሰው ድግስ ምን ብዬ አወራለሁ?
ዝም አልኩ።
እሱ ግን ዝም አላለም፦

«የዓሣ ምላስ ጥብስ ካለ፣ አንዱን ለእኔ ብለሽ ቅመሺ፤
ዳሩ ይሰበር እንደሁ፣ መሐሉ ይላላ እንደሁ፣ እንዳትረሺ።
ጨው በዛበት ወይስ አነሰው? ሎሚስ ጠብ አድርገውበታል?
ደሞ እባክሽ ‹ይጣፍጥ ነበር› እንዳትዪኝ፤ እሱንማ ማንም ይላል።
ምላሴን በአደራ ሰጠሁሽ፤ እዚያው አፍሽ ውስጥ አቆዪው፤
ሐሙስ ስትመለሺ፣ እዚችው ወንበር ላይ፣ ቃል በቃል መልሺው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ምላስ ስከለክል ኖሬ፣
ምላሱን የሰጠኝ ሰው አልነበረም እስከ ዛሬ።

አሁን ሻንጣዬ አልጋ ላይ አፉን ከፍቷል፤
የዝናብ ካፖርት፣ ለመርከቡ ማቅለሽለሽ ኪኒን፣
ሁለት ደብተር፦ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለአምብሮዝ ድርሻ የሚሆን።
ለአዘጋጆቹም ደወልኩ፦ «ከስሜ ሥር አንድ መስመር ጨምሩልኝ።»
«ምን እንበል?» አሉ። «የሥነ ምግብ ባለሙያ።»
እንኳን ሊያሳፍረኝ፣ አስራበኝ።

ውጭ ዝናቡ መስኮቱን በጎን እየመታ፣
የወረቀት ፋብሪካው ጭስ ባሕሩ ላይ ተኝቶ፣ ሆነ ማታ።
ራቴን ሠራሁ። ድንች ነው። ሁለቴ ቀቀልኩት፣ ለሰው እንደማዘው፤
ያለ ጨው። በምላሱ ከመሄዴ በፊት፣ ምላሱ የለመደውን ላውቀው።
ሳልተው ጨረስኩት። ደብተሩን ገለጥኩ፤
ገጽ አንድ፣ ከጉዞው በፊት፦
«ድንች። የታጠበ ሸሚዝ ኮሌታ
እንደ ማኘክ ማለት።»