ቁጥር ሰባት

ዓርብ ነው። ደልማ ላይ ገና ጎህ አልቀደደም።
በሆቴሉ መስኮት አንድም መብራት የለም።
ቁጥር ሰባት ካያክ፣ ቢጫ፣ ፀሐይ የላጠው፣
አፍንጫው ላይ ኮራል አንዴ የቧጠጠው፣
እስከ ሁለት ሰዓት የእኔ ነው፤
ከዚያ ወዲያ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ለከፈለ ሰው የምሰጠው።
ለእንግዳ ካያክ ነው፤ በእኔ አፍ ግን ታንኳ፣
አባቴ ጫሞ ላይ ከሚቀዝፈው ጋራ ባይመሳሰል እንኳ።

ቢጁ፣ የኬረላው፣ የወጥ ቤት ጓደኛዬ፣
ስኩዊድ ቆራርጦ ሰጥቶኛል በላስቲክ፣ ለማጥመጃዬ፤
«ሀሙር ካመጣህልኝ» ብሎ፣ «በኮኮናት ወተት፣
ምሳ ላይ ትረሳለህ የሦስት ወር ደመወዝ መቅረት።»

ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም ብሏል።
በሩቁ፣ ነዳጅ ከሚወጣበት፣ ነበልባል ይውለበለባል።
አንድ ቀዘፋ፣ ሁለት፤
ጨው ከንፈሬ ላይ፣ ላብ ጀርባዬ ላይ፣ ሐምሌ ነው፣ ገና በጧት።

ክሩን ለቀቅሁት።
ስምንት ክንድ፣ ዐሥር ክንድ፤ እርሳሱ መሬት ሲነካ በጣቴ አዳመጥሁት።
ካባቴ ቤት ወርሼ ያመጣሁት ይኼን ብቻ ነው፤
መጠበቅ።

ሳበ።
ሀሙር እንዲህ አይስብም፤ ሀሙር ዋሻው ይገባል።
ሻርክ እንዲህ አይስብም፤ ሻርክ ይዞህ ይሄዳል።
ይኼ ግን ይሾራል። ክሩ መዳፌ ውስጥ እንደ ሹሩባ ተጎነጎነ፤
ሽቅብ ስቤ ሳየው ልቤ ባዶ ሆነ።

መጀመሪያ ገመድ መሰለኝ፣ የመርከብ ገመድ ቁራጭ።
ቢጫ ሆድ፣ ጥቁር ቀለበት፣ ጭራው እንደ እኔ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ፤
ከመንጠቆው አመለጠና ጭኖቼ መሃል ተደፋ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገሬ ሰው።
ልጥ የለም እዚህ፤ ይኸው እባቡ ራሱ። ወዴት ይሸሻል?
አራት ክንድ ፕላስቲክ፣ ዙሪያው ባሕር ነው።

ቢጁ ነግሮኛል፤ «ከኮብራ ይብሳል» ብሎ፤
«ሲነክስህ አያምህም። የሚያምህ ቆይቶ ነው፤ አንገትህ ደክሞ፣ ምላስህ ዝሎ።»

አባቴ አንጁሎ፣ አዞ ከጀልባው ሥር ሲያልፍ፣
መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይተኛ ነበር የሐሰት እንቅልፍ።
«ውኃ የሚያውቅህ በማንቦራጨቅህ ነው» ይለኝ ነበር፤
«ካላንቦራጨቅህ እንጨት ነህ፤ እንጨት ደግሞ አይጣፍጥም» ብሎ ይስቅ ነበር።

እንጨት ሆንሁ።
ላቤ ካገጬ ተንጠባጥቦ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲወድቅ፣ ጌታ ሆይ፣ ድምፁ በዛብኝ።
እባቡ ጭኔን በምላሱ ቀመሰው። የሦስት ዓመት ጨው አለብኝ።

ከዚያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ተነፈሰ፤
ሰማሁት፣ እንደ ጎማ ቀዳዳ ሽው ብሎ መለሰ።
ዕድሜውን ውኃ ውስጥ ይኑር እንጂ ውኃ አይተነፍስም፤
በየሰዓቱ ላይ ወጥቶ አየር ካልለመነ አይነጋለትም።
ወንድሜ ልለው አሰብሁ። አላልሁትም።
እባብ ነው፤ እኔም ሞኝ አይደለሁም።

መቅዘፊያውን፣ በጥፍር ልክ፣ በጥፍር ልክ፣ ከሆዱ ሥር አስገባሁ።
ሚዛን እንደሚያይ ነጋዴ ትንፋሼን ይዤ አነሣሁ።
ወደቀ። ውኃው ስንጥቁን ወዲያው ሰፋው።
ከዚያ ነው እጄ የራደው፤ መቅዘፊያው ውኃውን ስቶ አየር ገፋው።

ሁለት ሰዓት። ቁጥር ሰባትን በሁለት ባልዲ ውኃ አጠብሁ።
«ሀሙሩስ?» ቢጁ። «የለም» አልሁ። ሌላ አላወራሁ።

አንዲት ሴት መጣች ልጇን ይዛ፤ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው።
የጃኬቱን ዘለበት ሳጠብቅለት፣
ጣቱን ወደ ባሕሩ ቀስሮ «ውስጡ ምን አለ?» አለኝ።
ሙኒር፣ ኃላፊያችን፣ ከጃንጥላው ሥር አየኝ።
ለዚህ ጥያቄ መልስ አለን፤ በሥልጠና ቀን ተሰጥቶናል፤
«ዓሣ፣ ኤሊ፣ ዶልፊን»፣ በፈገግታ። በጽሑፍ ተቀምጦልናል።

ልጁ ግን ይጠብቃል። መጠበቅ ያውቅበታል።
«እባብ አለ» አልሁት፤ «እግርህን ውኃ ውስጥ አትንከር። ከመጣ ዝም በል፤ ያልፋል።»

እናቱ ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። ሙኒር ብዕር አወጣ።
ልጁ አልሳቀም።
ሁለት እግሩን ሰብስቦ ቁጥር ሰባት ላይ ወጣ።