ለጫማዬ

አንተ የአቆስጣ ቁርበት፣ እናቴ በጅማት የሰፋችህ፣
በረዶ ያላሸነፈህ፣ የባሕር ውሃ ያልበገረህ፣
ዛሬ ደጅ ታድራለህ፤ ከቤት አላስገባህም፤
ጥፋቱስ የኔ ነው፣ አንተማ አላወቅህም።

የኡሎሪያቅ ውሻ ወልዳ፣ ቡችሎቿን ደም ሲያስቀምጣቸው፣
ጎረቤት አይደለሁ? ሄድኩ፣ ፋኖስ ልይዝላቸው።
ስድስቱን ባንድ ጆንያ፤ መሬቱ አካፋ እምቢ ቢል
ድንጋይ ካብንባቸው፣ ቀበሮ እንዳይፈነቅል።
እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ እስከ ክርኔ፣ ደጋግሜ።
እግሬን ማን አሰበው? ገባሁ፣ አንተን እንደተጫማሁ፣ ደክሜ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ፣ የኔዎቹ ዓሣ እምቢ አሉ።
ያ የዛገ ብረት ሽታ መጣ፤ እንደ ላባ ቀለሉ።

ሐኪሟ ዘንድ ኢሉሊሳት ደወልኩ፤ ድምጿ እየተቆራረጠ፦
«ፓርቮ ነው። ሄሊኮፕተሩ በጉም ተቀመጠ።
ጨውና ስኳር በጥብጥ፤ በማንኪያ፣ በየሰዓቱ፤
ወለሉን በበረኪና። ጫማህስ፣ የት አምሽቶ ነበር መምጣቱ?»

«ብርዱ አይገድለውም?» አልኳት።
ሳቀች መሰለኝ፤ ወይም መስመሩ ነው።
«ብርድማ» አለች፣ «ለሱ ጓዳው ነው።»

ሦስት ሌሊት ማንኪያ ይዤ። ጆሮ ነጯ መጨረሻ ሄደች፣
ጠብታው ከንፈሯ ላይ እንዳለ፣ ሳትውጠው፣ ቀዘቀዘች።

ላቃጥልህ ነበር። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ሌላ አትሰፋም።
በበረኪና ነከርኩህ፤ ነጣህ፣ ተሰነጠቅህ፤ አሁን ለምንም አትረባም።

ዛሬ ጠዋት ግን የቡችሎቹ እናት፣ ሰንሰለቷን እስከ ጫፉ ጎትታ፣
ከሥርህ ተጋድማለች፣ አፍንጫዋን ሆድህ ውስጥ አስገብታ።
ከበረኪናው ሽታ ሥር ታነፈንፋለች፣ ጭራዋን ቀስ እያወዛወዘች፤
ምኑን ሳላጥብ እንደቀረሁ፣ እኔ አላውቅም፤ እሷ ግን አገኘች።