ገና አልሞላም

ባሕር ዳር ገዛሁት፣ አንድ ጥቅል ፊልም፤
«ቀኑ ያለፈ ነው» አለኝ ባለሱቁ፣ «እኔ ግን አላውቅም
ሠላሳ ስድስቱ ቢወጣም ባይወጣም።»
ዜኒቷ የአባቴ፣ ማንገቻዋ ያለቀ፣
ብርሃን መለኪያዋ በደርግ ጊዜ የደረቀ።

ከፈረስ ቤት ወዲያ፣ ሁለት ሰዓት በእግር፣
ኑጉ ቢጫ ለብሶ በሚያልቅበት ኅዳር፣
ደረስሁ ከአያ ልየው የሸንበቆ አጥር።
ልየው ብዬ መጣሁ፤ ልየው ቆሞ አገኘሁ፤
ስሙ ሥራዬ ነው፤ ገና ሳልናገር ግማሹን ተቀኘሁ።

አንድ አልሁ፤ እጁን ነው። እበትና አመድ ለውሶ
አዲስ ቀፎ ሲመርግ፣ እስከ ክንዱ ርሶ።
ሁለት፤ ምራቱ አንጓች ገብስ ስታበጥር፤
ገለባው ከሰፌድ ንብ መስሎ ሲበርር።
ሦስት ላይ ሳቀችብኝ፣ አንዱን ዓይን ስጨፍን፤
«ይህን ሁሉ መንገድ መጥተህ፣ በግማሽ ዓይን ነው የምታየን?»

ከዚያ ወዲያማ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤
አበጀ ጀሪካን አዝሎ፣ ውሻው ሲያዛጋብኝ፣
ከጎተራው ጥግ የተቀደደ ጃንጥላ፣
ለገበያ የተጫነች አህያ፣ ጥላዋ ከእሷ የተሻለ የሞላ።

«ማሩ መቼ ይቆረጣል?» አልሁት። «በጨለማ።»
«ፊልሜ ብርሃን ይሻል።» «ንቤ ደግሞ አይሻማ።»

ሌሊት ወጣን። ግራሩ ላይ ወጣ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፤
እኔ ከሥር ቆሜ፣ መዝጊያዋን ከፍቼ፣
ቆጠርሁ እስከ ስልሳ፣ ልቤ ተርበትብቦ።
የታየኝ ጭስ ብቻ፤ ጭስና አንዲት ፍም፤
ንቡ ግን ይሰማል፤ ድምፅ ደግሞ ፊልም ላይ አይቀርም።
ሁለት ነደፉኝ፤ አንዷ ከቅንድቤ፤
«ጎሽ» አለኝ ከላይ፣ «አወቀችህ ንቤ።»

ወረደ፤ የማር እንጀራ ቆርሶ ሰጠኝ በቅጠል፤
«እኔ ቤቴን ከፈትሁ። ያንተስ፣ የታል?»
«ምኑ?» «ሳጥንህ ነዋ፣ ቀኑን ሙሉ ስታስገባበት የዋልኸው፤
የእኔን አሳየሁህ፤ ክፈተውና፣ እስኪ እኔም ልየው!»

«አይከፈትም አያ፤ ብርሃን ከነካው ይቃጠላል፤
ጨለማ ውስጥ ነው የሚበስል» አልሁ፣ «ይቆያል።»
ዝም አለ። ጢሙን ዳበሰ።
«ቀፎም እኮ በቀን ቢከፍቱት…» ብሎ ተወው።
ተኛን።

ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከራስጌዬ ቁጢጥ ብሎ፣
ካሜራዬን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ፣
«ዶሮ ሲጮህ አየሁልህ» አለኝ፣
ሐዘን እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ክዳኑን ከፈትሁት፤ በባትሪ አየሁት፣ እስከ ጥጉ ድረስ፤
ባዶ ነው ልጄ። ገና አልሞላም። ሳይሞላ እንዳትቆርጠው፣ ታገሥ።
መልሼ ገጥሜዋለሁ። በጣቴ እንኳ አልነካሁት።»

ምን ይባላል ለዚህ? ጥርሴን ነክሼ «እሺ» አልሁ፤
የቀሩትን አምስት፣ ሳልመርጥ፣ እሱ ላይ ጨረስሁ።

ፒያሳ፣ ፊልም አጣቢው እርጥቡን በመስኮት ዘርግቶ
«ተቃጥሏል» አለኝ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ።
ግራሩ የለም። ጭሱ የለም። አበጀም ከነጀሪካኑ።
አንጓች ግማሽ ናት፤ ሰፌዱ ይታያል፣
ፊቷን ግን ብርሃን ወስዶታል፤
ቢጫ፣ ወፍራም፣ ቢነኩት የሚያጣብቅ የሚመስል፣
ከዳር ፈስሶ ትከሻዋ ላይ የቆመ።

የመጀመሪያዋ፣ ከሁሉ ውስጥ የተጠቀለለችው፣ ተርፋለች፤
እጁ። እበቱ። የተሰነጠቀው የአውራ ጣቱ ጥፍር።

የመጨረሻዎቹ አምስትም ደኅና ናቸው።
በአምስቱም ልየው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤
እኔን አያይም፤
ዓይኑ ሳጥኑ ላይ ነው፣
ጆሮውን ወደ እሱ ዘንበል አድርጎ፣
ውስጡ ይጮህ እንደሁ ሊሰማ።

ለኅዳር ይዤለት እወጣለሁ፤
የቱን እንደማሳየው ግን
ገና አልቆረጥሁም።